ጀርባው ላይ በረዶ የተከመረበት ፈረስ አይበርደውም?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። በስልክ የሚዞር ቪዲዮ አለ። ሜዳው ነጭ በነጭ ነው፤ ፈረሶቹ ጀርባቸው ላይ በረዶ ተከምሮ ዝም ብለው ቆመዋል። ጋጣ የለ፣ ዳስ የለ። ጎንደር ላይ ደግሞ ይህን አይቶ ዝም የሚል የለም። ፋሲል መዋኛ ጋ የሄደ ሁሉ የንጉሡ ፈረስ የዞብል መቃብር ነው የሚባለውን ቤት አይቷል። ፈረስ ተቀበረበት ተብሎ በሚወራበት ከተማ ፈረስ በረዶ ላይ ቆሞ ሲያድር ማየት ያስቆጣል፣ ይገባኛል። በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮውን ሳይ አንጀቴ ተላወሰ። ሰዎቹ ግን ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው? ከማስገባት ይልቅ ቆመው ይቀርጻሉ! ለመሆኑ እንስሳው እንዴት ሳይሞት ያድራል? (ከማራኪ)

መልስ፦ አይዞህ፣ ለእነዚያ ፈረሶች ብዙም አትዘን። በረዶው ጀርባቸው ላይ ሳይቀልጥ መቀመጡን አየህ አይደል? ጥሩው ምልክት እሱ ነው። የፈረስ የሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ነው። ያ ሙቀት በቆዳው በኩል ወደ ውጭ ቢያፈተልክ ኖሮ በረዶው ቀልጦ በጎኑ ይወርድ ነበር። አልቀለጠም ማለት ሙቀቱ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። መጨነቅ ያለብህ በረዶ እየወረደ ጀርባው እርጥብ ሆኖ የሚታየውን ፈረስ ስታይ ነው።

ሥራውን የሚሠራው ጸጉሩ ነው። በቀዝቃዛ አገር ያለ ፈረስ በሞቃቱ ወራት አጋማሽ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ሌላ ጸጉር ያበቅላል። ልብ በል፣ ጸጉሩን የሚያስበቅለው ብርዱ ሳይሆን የብርሃኑ ማጠር ነው። ዓይኑ የቀኑን ርዝመት ይለካል፣ አካሉ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ይለወጣል፣ ብርዱ ከመድረሱ በፊት ልብሱ ተሰፍቶ ይጠብቃል። ውጪው ረዘም ያለና ውሃ የሚያንሸራትት ነው፣ ውስጡ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ። ሲበርደው እያንዳንዱ ጸጉር ሥር ያለች ትንሽ ጡንቻ ጸጉሩን ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች፣ መሃሉ አየር ይሞላል። ጋቢ የሚያሞቀን በድርና ማጉ መሃል አየር ስለሚይዝ ነው፣ የፈረሱም ጸጉር እንደዚያው ነው። ቆዳው ላይ ደግሞ ቅባት አለ፤ ቀላል ካፊያ ቢወርድ ውሃው ወደ ውስጥ ሳይገባ ይንሸራተታል።

ሁለተኛው ነገር ሆዱ ነው። ፈረስ የሚበላውን ሳርና ድርቆሽ የሚያብላላው ከትንሹ አንጀት በኋላ ባለው ትልቅ ክፍል ውስጥ፣ በጥቃቅን ሕዋሳት እርዳታ ነው። ያ መብላላት ሙቀት ይፈጥራል። ስለዚህ ድርቆሽ የሚያኝክ ፈረስ ምድጃ በሆዱ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ገብስ ኃይል ይሰጣል፣ ግን ለብርድ ሌሊት የሚሻለው ለብዙ ሰዓት ሲብላላ የሚያድረው ሻካራው መኖ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። "በረደው" ሲባል ገብስ ይጨምርለታል።

እግሩስ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ አይደርቅም ወይ የምትል ከሆነ፣ ከጉልበቱ በታች ያለውን አስበው። ሥጋ የለም። አጥንትና ጅማት ነው። ጡንቻው ሁሉ ከላይ ነው ያለው። አጥንትና ጅማት ደግሞ ብዙ ደም አይጠይቁም፣ ቀዝቅዘውም ይሠራሉ። ሰኮናው ውስጥ ያለው የደም ስር እንደ ሁኔታው ደሙን ባጭር መንገድ ይመልሰዋል ወይ ወደ ታች ይለቀዋል።

ጠባዩንም ጨምርበት። ነፋስ ሲነሳ ቂጡን ወደ ነፋሱ ያዞራል፣ ጭራውን ይሸጉጣል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይጠጋጋል። ቪዲዮው ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የዞሩት ለዚህ ነው። ለካሜራው ተብሎ አይደለም።

የመጨረሻው ጽንፍ ያኩትያ ነው። በሩሲያ ሳይቤሪያ፣ የያኩት ሕዝብ የሚያረባቸው አጫጭርና ድብልብል ፈረሶች አሉ። እዚያ ብርዱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሲደርስ እነሱ ደጅ ናቸው። በብርዱም ወራት ሳሩን የሚያገኙት ራሳቸው ናቸው፤ በረዶውን በሰኮናቸው ይቆፍሩና ሥሩ ያለውን የደረቀ ሳር ይበላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘረመል ጥናት እነዚህ ፈረሶች ወደዚያ የመጡት ከሕዝቡ ጋር መሆኑን፣ እንዲህ ለብርድ የተመቹትም 800 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መሆኑን አሳይቷል። ለአንድ ዝርያ ይህ በጣም አጭር ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ግን "ፈረስ ብርድ አይፈራም" ብለህ እንዳትደመድም። ፈረስን የሚገድለው ርሃብ፣ ጥማት፣ ነፋስና ርጥበት ነው። ሞንጎሊያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወደ 2010 በገባው ክረምት (የእነሱ ክረምት የብርድና የበረዶ ወቅት ነው) ከ8 ሚሊዮን በላይ ከብት አልቋል። የሞንጎሊያ ከብት ብርድ አያውቅም? ያውቃል እንጂ። ግን ሳር የሚበቅልበት ሞቃቱ ወቅት ደረቅ ነበር፣ ከብቱ ሳይወፍር ክረምት ገባ፣ ሳሩ ደግሞ በረዶ ሥር ተቀበረ፤ በረዶው ቀልጦ ዳግም ሲረጋ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ በሰኮና የማይሰበር ይሆናል። ዙድ ይሉታል። ከብቱ ሳሩ ላይ ቆሞ ተራበ።

ጥማቱ ደግሞ ሰው የማይገምተው ነው። ትልቅ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል። "በረዶ ይልሳል፣ ምን ውሃ ያስፈልገዋል" የሚል አለ። የዱር ፈረስ ይልሳል፣ ይኖራልም። ሂሳቡ ግን ከባድ ነው፤ አስር ባልዲ አዲስ የወረደ በረዶ ቀልጦ የሚወጣው አንድ ባልዲ ውሃ ገደማ ነው። ለማቅለጥም ጉልበት ያስፈልጋል። አንድ ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚሄደው ሙቀት ያንኑ ውሃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ የሚያደርስ ነው። ደረቅ ድርቆሽ የሚበላ የቤት ፈረስ ውሃው በረዶ ሆኖ ከረጋበት መጠጣቱን ይቀንሳል፣ መኖው አንጀቱ ውስጥ ይደርቃል፣ ቁርጠት ይይዘዋል። ቁርጠት ፈረስን ይገድላል። ለዚያ ነው የዚያ አገር ሰዎች ጠዋት ጠዋት በመጥረቢያ በረዶ ሲሰብሩ የምታያቸው። እና ቀራጮቹ ጨካኞች ናቸው ወይ ላልከኝ፣ ድርቆሽና ያልረጋ ውሃ በአቅራቢያው ካለ፣ አይደሉም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባለጋሪ ነኝ። ወገራ ያለው ወንድሜም ፈረስ አለው፤ እዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ጆንያ እናለብሰዋለን። ይጠቅማል? ደግሞስ የእኛን ፈረስ ወደዚያ በረዶ አገር ቢወስዱት ይኖራል? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከሁለተኛው ልነሳ። በታኅሣሥ ከጎንደር አንስተው በአውሮፕላን ቢያደርሱት ይጎዳል፣ ምክንያቱም ልብሱን ይዞ አልሄደም። ጸጉር የሚያስበቅለው የቀኑ ማጠር ነው ብያለሁ። የጎንደር ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያኩትያ ታኅሣሥ ላይ ቀኑ ወደ 5 ሰዓት ይወርዳል። ያንን ልዩነት የእርስዎ ፈረስ አይቶት አያውቅም። በበጋቸው ሄዶ፣ ሰውነት አውጥቶ፣ ቀኑ ሲያጥር እዚያው ቢቆይ ግን ያበቅላል።

አሁን ወደ ጆንያው። ደረቅ ከሆነ፣ ነፋስ ካለ፣ ፈረሱም ከሲታ ከሆነ ይጠቅማል። ከረጠበ ግን ያውልቁት። የረጠበ ጆንያ ጸጉሩን ያስተኛዋል፣ አየሩ ይወጣል፣ ፈረሱ ቀዝቃዛ ውሃ ታቅፎ ያድራል። ያልለበሰው ይሻላል።

እውነቱን ለመናገር የእኛ ፈረሶች ፈተና ከውርጩ ይልቅ ሐምሌና ነሐሴ ነው። ወፍራም ደረቅ ጸጉር ያለው ፈረስ ነፋስ ከሌለ ከዜሮ በታች 8 ወይም 10 ዲግሪ ድረስ ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ጉልበት አያቃጥልም። ጸጉሩ ውሃ ከጠጣ ግን 15 ዲግሪ ላይ እንኳ መቸገር ይጀምራል። 15 ዲግሪ ማለት ጎንደር ላይ ዝናብ የዋለበት ተራ ቀን ነው! በክረምት ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት ገበያ ዳር ታስሮ የሚውለው ፈረስ፣ ቪዲዮው ላይ ካለው ፈረስ ይልቅ ሊበርደው ይችላል። ለእሱ ግን ማንም ቪዲዮ አያዞርለትም።

ስለዚህ ከጆንያ ይልቅ ጣሪያ ይፈልጉለት። አራት ግድግዳ አያስፈልግም፤ ዝናብ የሚከለክል ቆርቆሮ ወይም ሳር ክዳን፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል አንድ ግድግዳ፣ ሥሩ ጭቃ ያልሆነ መሬት፣ ይበቃል። ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ጋጣ እንዲያውም ሳንባውን ይጎዳዋል፤ የሽንቱ ሽታና አቧራው መውጫ ያጣል። ማታ ድርቆሽ ወይም ጭድ ይጨምሩለት፣ ሲያኝክ ይደር። ጠዋት ውሃው በጣም ቀዝቅዞ ከሆነ ትንሽ ለብ ያድርጉለት፣ ብዙ ይጠጣልዎታል። ቀን ሮጦ ካላበው ላቡ ሳይደርቅ አይሰሩት፤ በደረቅ ሳር አሽተው፣ ትንሽ አራምደው ያድርቁት።

አንድ ነገር ደግሞ በእጅ ይፈትሹ። ጸጉር ውሸታም ነው። ጸጉር የበዛበት ፈረስ ወፍራም ይመስላል፣ እጅ ሲገባ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። ስብ የሌለው ፈረስ ብርድ አይችልም።

ወጣቶቹ ባለፈረሶችም እዚህ ጋ ይስሙኝ። ለጥምቀት ጉግስ ብላችሁ ፈረሱን በዋዜማው በዱቄት ሳሙና እየፈተጋችሁ ታንጸባርቁታላችሁ። ያምራል፣ አልክድም። ግን ቅባቱን አጥባችሁ አወጣችሁት፣ ጥር ላይ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነው። ማጠብ ካለባችሁ ረፋድ ላይ፣ በውሃ ብቻ፣ ፀሐይ እያለ እንዲደርቅ አድርጋችሁ ይሁን።

ጥያቄ፦ ፈረስ ይህን ያህል የሚችል ከሆነ ወደ ደቡብ ዋልታ የሄዱት ሰዎች ለምን በውሻ ሄዱ? (ተማሪ፣ ከአራዳ)

መልስ፦ በፈረስም ሄደዋል እኮ! ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም የፈረስ ችሎታ የት ላይ እንደሚያበቃ ያሳያል። እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮት 19 ትናንሽ የእስያ ፈረሶች ይዞ ሄደ። ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ከአራት ጓደኞቹና ከ52 ውሾች ጋር ተነሳ። አሙንድሰን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 14 ቀን 1911 ዋልታው ላይ ደረሰ፣ ስኮት ደግሞ ጥር 17 ቀን 1912። የስኮት ቡድን አምስቱም ሰዎች ሲመለሱ መንገድ ላይ ሞቱ። ለሞታቸው ብዙ ምክንያት አለ፣ ሁሉን በፈረስ ማላከክ አይቻልም። ፈረሶቹ ግን ተቸግረው ነበር።

ችግሩ ምን መሰለህ፣ ፈረስ የሚያልበው በቆዳው ነው። ሲጎትት ያልበዋል፣ ሲቆም ላቡ ጸጉሩ ላይ ይረጋል፣ ያ ሁሉ አየር የያዘ ልብስ የበረዶ ቅርፊት ይሆናል። ውሻ ግን የሚያለከልከው በምላሱ ነው፣ ጸጉሩ ደረቅ ይቆያል። ክብደቱስ? የፈረስ ክብደት አራት ትናንሽ ሰኮና ላይ ነው የሚያርፈው፣ ለስላሳ በረዶ ላይ እስከ ሆዱ ይሰጥማል። ሰዎቹ ባረፉ ቁጥር ለፈረሶቹ ነፋስ መከላከያ የበረዶ ግድግዳ ይሠሩ ነበር፤ ደክሞህ ደርሰህ ግድግዳ ስትገነባ አስበው። መኖውም አለ። እዚያ ሳር የሚባል ነገር የለም፣ የፈረሱን ምግብ ሁሉ ተሸክመህ ነው የምትሄደው። ውሻ ሥጋ ይበላል፣ ባሕር ዳር ደግሞ የሚታደን እንስሳ አለ። ከዚያም፣ መስማት ባትፈልግም፣ አሙንድሰን ከውሾቹ አንዳንዶቹን እየገደለ ሥጋቸውን ለቀሩት ውሾች ይመግብ ነበር። የስኮት የመጨረሻዎቹ ፈረሶችም ዋልታው ሳይደረስ በጥይት ተገድለዋል፣ ዕቅዱም ያ ነበር። ከሁለቱም ወገን ለእንስሳ ደግ የነበረ የለም።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ብዙ ብርድ አለ፣ ጭላዳዎቹን በየቀኑ እናያቸዋለን። እነሱስ እንዴት ይችሉታል? (ከደባርቅ)

መልስ፦ እናንተማ ከኛ በላይ ታውቃላችሁ፣ ግን ልሞክር። ሰሜን ተራሮች ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ራስ ዳሸን አካባቢ አልፎ አልፎ ነጭ ሆኖ ያድራል። ልዩነቱ ብርዱ የሌሊት ብቻ መሆኑ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች። እዚያ ያሉት እንስሳት ስልት በሙሉ አንድ ሌሊትን መሻገር ነው፣ ስድስት ወር መሻገር የለባቸውም።

ጭላዳ ማታ ገደሉ ላይ ወርዶ በጠባብ ጠርዝ ላይ ተጠጋግቶ ያድራል። ይህ በዋናነት ከአውሬ ለማምለጥ ነው። ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥቶ መጀመሪያ የሚያደርገው ፀሐይ መሞቅ ነው። ቁጭ ብሎ፣ አንዱ የአንዱን ጸጉር እየፈተሸ፣ ሳይቸኩል። ከዚያ ሳር መንጨት ይጀምራል፣ ቀኑንም በዚያው ይጨርሳል፤ ከዝንጀሮ ወገን በሳር የሚኖር እሱ ብቻ ነው። የወንዱ ረጅም ጎፈር ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ብርድና ነፋስም ይከላከላል።

ዋልያ የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፣ ሆዱ ውስጥ የሚብላላው ሳር ሙቀት ይሰጠዋል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ ሜዳ ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ጭራው ሥር ቀብሮ ያድራል። ጉድጓድ የሚፈልገው ለግልገሎቹ ነው።

ጥያቄ፦ ድብ እውነት ስድስት ወር ይተኛል? (የ5ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ ይተኛል ማሙሽ። በቀዝቃዛው አገር ያሉ ድቦች እስከ 5 እና 6 ወር ሳይበሉ፣ ሳይጠጡ፣ ሳይሸኑ ይተኛሉ። ልባቸው በደቂቃ 10 ጊዜ ገደማ ብቻ ይመታል። እናትየው እዚያው ትወልዳለች! ነጩ የዋልታ ድብ ግን አይተኛም፤ ዋሻ የምትገባው ያረገዘችው ብቻ ናት።

ከድብም የባሰ አለ። አላስካ ውስጥ የምትኖር አንዲት እንቁራሪት አለች፤ ክረምት ሲገባ ቅጠል ሥር ትገባና ከሰውነቷ ውሃ ከግማሽ በላይ ይረጋል። ልቧ ይቆማል። ጉበቷ ግን መርጋት ስትጀምር ብዙ ስኳር ወደ ደሟ ይለቃል፣ ያ ስኳር ሕዋሶቿን ከመሰንጠቅ ያድናቸዋል። ሲሞቅ ትቀልጥና ዘልላ ትሄዳለች። ንቦችም አይተኙም። ንግሥቲቱን መሃል አድርገው ይኮለኮላሉ፣ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ የመብረሪያ ጡንቻቸውን እያንቀጠቀጡ ሙቀት ይሠራሉ። ማገዶአቸው ማር ነው። ባለቤቱ ስስታም ሆኖ ማሩን ጠራርጎ ከቆረጠባቸው ያልቃሉ።

ጥያቄ፦ ወፎቹስ? (ከቆላድባ)

መልስ፦ ብዙዎቹ ወደ እናንተ ይመጣሉ። በበጋ ደምቢያና ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጣና ዳር፣ በሺዎች የሚሰፍሩት ረጃጅም ግራጫ ወፎች ክሬን ይባላሉ፤ ከፊንላንድና ከኢስቶኒያ ሳይቀር የሚመጡ ናቸው። ነጩ ሽመላም በዚሁ መንገድ ያልፋል። የሚሸሹት ከብርዱ ይልቅ ከርሃቡ ነው፤ መሬቱ ሲረጋ የሚለቀም ነገር የለም። ምግብ የማያጡት እዚያው ይቀራሉ። የዳክዬን እግር ያየ ሰው በረዶ ላይ እንዴት ትቆማለች ይላል። ወደ እግሯ የሚወርደው ሙቅ ደም ከእግሯ ከሚመለሰው ቀዝቃዛ ደም ጎን ለጎን ነው የሚያልፈው፣ ሙቀቱን ለእሱ አስረክቦ ይወርዳል። እግሯ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን አይረጋም፣ ሙቀቱም ከሆዷ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ስለ ፈረስ ብቻ ታወራለህ፣ አህያስ? (ከአይምባ)

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ የተረሳችው እሷ ናት። አህያ የዚህ የእኛ የአፍሪካ ቀንድ አካባቢ የደረቅ አገር ልጅ ናት። ቀዝቃዛ አገር ብትወሰድ እንኳ እንደ ፈረስ ያን ያህል ጸጉር አትጨምርም፣ ጸጉሯም ዝናብ እንደ ፈረስ አይመልስም። ዝናብ ሲጀምር አህያ ወደ ግድግዳ ስትጠጋ "ሰነፍ" እያልን በዱላ እንመልሳታለን፤ እሷ የምታደርገው ትክክለኛውን ነው። ጣሪያው አንድ ብቻ ከሆነና ፈረስም አህያም ካለሽ፣ አህያዋን አስገቢያት።